የምንጠጣበት ዕቃ ማጨሻ አይሁን
ለሐረር ከተማና ለጁገል ነዋሪዎች፣ ለጫት ቤትና ለሻይ ቤት ባለቤቶች፣ ለነጋዴዎች፣ ለአስጎብኚዎችና ለወጣቶች የቀረበ ማሳሰቢያ

ማሳሰቢያው ለምን አስፈለገ?

ባሕር ማዶ ለስጦታ የሚሸጥ አንድ ዓይነት ኩባያ አለ። ከሸክላ የተሠራ ነው፤ ሲያዩት ተራ የቡና መጠጫ ይመስላል። እጀታው ግን ውስጡ ክፍት ነው፤ ከጎኑ ደግሞ ቅጠል ተደርጎ የሚለኮስበት ትንሽ ጎድጓዳ አለው። በአንድ ዕቃ ቡና ይጠጣበታል፣ ጭስም ይማግበታል። ብዙውን ጊዜ የሚገዛው ለካናቢስ ነው።

ሐሳቡ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በአገራችን በተለያዩ አካባቢዎች ውሃና ወተት የሚያዝበት ቅል መቃ ተሰክቶበት ጋያ ሆኖ ሲያገለግል ኖሯል። ዛሬ ደግሞ ሃይላንዱ፣ የጭማቂ ጠርሙሱና ብርጭቆው ሺሻ ማጨሻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ዕቃው ከወጥ ቤት ወጥቶ ወደ በርጫ ይገባል፤ ማታ ደግሞ ታጥቦ ወደ መደርደሪያው ይመለሳል።

ሲጋራ ሲጋራ መሆኑ ይታወቃል። እናት ታየዋለች፣ ጎረቤት ይቆጣል፣ አስተማሪ ይጠይቃል። ኩባያን ግን ማንም አይጠረጥረውም። ሱስ የመጠጫ ዕቃ መስሎ ቤት ከገባ ከልጅ እጅ ለመድረስ የሚያግደው ነገር የለም። ስለዚህ የዚህ ማሳሰቢያ ፍሬ ነገር አንድ ነው፦ ለመጠጥ የተሠራ ዕቃ ለመጠጥ ብቻ ይዋል።

አስቀድመን ልናውቃቸው የሚገቡ ነገሮች

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አንድ የሺሻ ቆይታ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 80 ደቂቃ ይወስዳል። በዚህ ጊዜ አንድ ሰው ወደ ውስጥ የሚስበው ጭስ 100 ወይም ከዚያ በላይ ሲጋራ ያጨሰ ሰው የሚስበውን ያህል ሊሆን ይችላል። ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል፤ በቀላሉ እንዲሳብም ያደርገዋል። መርዙን ግን አያጣራውም። ኒኮቲኑ፣ ቅጥራኑ፣ ካንሰር አምጪ ንጥረ ነገሮቹና የከሰሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ውሃውን አልፈው ሳንባ ይደርሳሉ።

ሕጉም ግልጽ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት በ2014 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ በማንኛውም ዝግ የሕዝብ መገልገያና የሥራ ቦታ ማጨስን ከልክሏል። የሺሻ፣ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራና ጣዕም የተጨመረበት ትምባሆ ንግድ በዚሁ አዋጅ ተከልክሏል። ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ትምባሆ መሸጥም አይፈቀድም። ጭሱ ከኩባያ ወጣ፣ ከጠርሙስ ወጣ፣ ከጋያ ወጣ፣ ያው ማጨስ ነው።

በቤት ውስጥ

1. ቁጢ፣ ሆጃ፣ ቡና ወይም ውሃ የሚጠጣበትን ዕቃ ለማጨሻ አይስጡ። እንግዳ ቢጠይቅም፣ ዘመድ ቢለምንም፣ «ዛሬ ብቻ» ቢባልም አይስጡ።

2. አንድ ጊዜ የተጨሰበትን ዕቃ አጥበው ወደ መደርደሪያ አይመልሱ። እናቶቻችን የወተት ቅሉን በወይራ የሚያጥኑት ቅል ጭስን ወደ ውስጡ ስለሚስብና ሽታውን ለረጅም ጊዜ ስለሚይዝ ነው። ሸክላም እንደዚሁ ነው። የወይራ ጭስ ወተቱን መልካም ሽታ እንደሚሰጠው ሁሉ፣ የትምባሆ ቅጥራንም በሸክላው ቀዳዳዎች ገብቶ ይቀራል፤ በሳሙናና በሙቅ ውሃም ሙሉ በሙሉ አይለቅም። እንዲህ ያለው ዕቃ ይወገድ።

3. ሺሻ የተጨሰበትን ሃይላንድ ለውሃ፣ ለዘይት ወይም ለወተት መያዣ አያድርጉ። ሐረር የውሃ እጥረትን በደንብ የምታውቅ ከተማ ናት፤ ውሃን በጀሪካንና በሃይላንድ አጠራቅሞ ማስቀመጥ የብዙ ቤተሰብ ልማድ ነው። በዚህ መካከል አንድ የተበከለ ጠርሙስ ከንጹሆቹ ጋር ቢቀላቀል የሚለየው አይኖርም። ጠርሙሱን ቆርጠው ይጣሉት።

4. ከሺሻ የተረፈውን ውሃ ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ወዲያውኑ ይድፉ። በውሃው ውስጥ የቀረ ኒኮቲን አለ። የጠማው ሕፃን ጠርሙስ አይቶ ቢጠጣ ሊያስታውከው፣ ሊያዞረውና ከዚያም የከፋ ጉዳት ሊያደርስበት ይችላል።

5. የቡና ሲኒን ወይም የሻይ ብርጭቆን መተርኮሻ አያድርጉ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የመጠጫ ዕቃ ክብር የሚጠፋው ከዚህ ጀምሮ ነው። ልጆች የሚያዩትን ይማራሉ።

6. በጊዲር ጋር፣ በሐረሪ ቤት ዋና ክፍል፣ አያጭሱ፤ ሌላውም እንዲያጨስ አይፍቀዱ። የሐረሪ ቤት ነደባ ሽማግሌ የሚቀመጥበት፣ ሕፃን የሚተኛበት፣ ምንጣፍ የተነጠፈበት ቦታ ነው። የትምባሆ ጭስ በምንጣፍና በመጋረጃ ላይ ይቀራል። በወለል ላይ የሚዳኸው ሕፃን በእጁም በአፉም ያገኘዋል።

7. ልጅን ፍም አምጣ፣ ሺሻ ለኩስ፣ ትምባሆ ግዛ ብለው አይላኩ። የመጀመሪያውን ጭስ ለአዋቂ ሲለኩስ የቀመሰ ልጅ ጥቂት አይደለም። ልጅ ሲታዘዝ የሚማረው ለዕድሜው የሚገባ ሥራ ይሁን።

ከባሕር ማዶ ስጦታ ሲመጣ

8. ከቶሮንቶም ይሁን ከሌላ ከተማ ዘመድ የላከውን ኩባያ ከመጠቀምዎ በፊት ይመርምሩት። እጀታው ቀዳዳ ካለው፣ ከጎኑ የሚለኮስበት ጎድጓዳ ካለው፣ የቡና ኩባያ ብቻ አይደለም። ለልጆች አይስጡት፤ በእንግዳ ፊትም አያቅርቡት።

9. እናንተም በውጭ የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ እንዲህ ያለ ዕቃ ይዛችሁ አትምጡ። ካናዳ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካናቢስን ለአዋቂዎች ፈቅዳለች። በኢትዮጵያ ግን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ ማምረትን፣ ማዘዋወርንና መጠቀምን ወንጀል አድርጎታል። በእጀታው ውስጥ የቀረ ቅሪት ለናንተም ሆነ ዕቃውን ለተቀበለው ቤተሰብ መዘዝ ሊያመጣ ይችላል። ለእናት የሚላክ ስጦታ እናት በደስታ የምትጠጣበት ይሁን።

በበርጫ ላይ

10. ጫትና ጭስን አያጣምሩ። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፤ ኒኮቲንም እንዲሁ። ሁለቱ ሲደራረቡ ልብ ላይ የሚያርፈው ጫና ይበረታል። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ይህን በተለይ ሊያስብበት ይገባል። ጫት የሚቅም ሰው ሁሉ ማጨስ አለበት የሚል ልማድ ካለ ይቅር።

11. አንዱን መሳቢያ ከአፍ ወደ አፍ አያዘዋውሩ። ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ ጫና ከበረታባቸው 30 የዓለም አገሮች አንዷ ናት። በጋራ መሳቢያ፣ በተዘጋ ክፍል፣ ለሰዓታት ተቀራርቦ መቀመጥ ለበሽታው መተላለፍ ያመቻል። የከንፈር ቁስል የሚያመጣው ቫይረስም በምራቅ ይተላለፋል። ጫፉ ላይ አዲስ ፕላስቲክ መሰካት የጎማውን ውስጥና የጠርሙሱን ውሃ አያጸዳም።

12. በር ዘግተው ከሰል አያንድዱ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታቱንና ማዞሩን ምርቃና ነው ብሎ የሚያልፈው ሰው አደጋ ላይ ነው። ለቡናም ሆነ ለዕጣን ከሰል ሲነድድ በርና መስኮት ይከፈት።

13. በፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ ፍም አያስቀምጡ፣ ትኩስ ጭስም አያሳልፉ። ፕላስቲክ ሲግል ይቀልጣል፣ መርዛማ ጭስም ያወጣል። የቀለጠው ፕላስቲክና የወደቀው ፍም በነደባው ምንጣፍ ላይ እሳት ያስነሳል። በጁገል ቤቶች ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው ስለተሠሩ በአንድ ቤት የተነሣ እሳት የጎረቤትም ስጋት ነው።

14. «አላጨስም» ያለን ሰው አያግባቡ፣ አያሹፉበት። ውሃውንና ለስላሳውን በክብር ያቅርቡለት። ጨዋታውና ወዳጅነቱ ያለ ጭስም ይደምቃል።

15. ነፍሰ ጡር ባለችበት ክፍል ፈጽሞ አያጭሱ። ካርቦን ሞኖክሳይድ በእናት ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ለፅንሱ የሚደርሰው ኦክስጅን ይቀንሳል። ሕፃኑ ክብደቱ አንሶ ወይም ጊዜው ሳይደርስ ሊወለድ ይችላል። በሴቶች ስብስብም ይህ ሊታሰብበት ይገባል።

ለሻይ ቤት፣ ለሆቴልና ለጫት ቤት ባለቤቶች

16. በቤትዎ ውስጥ ማጨስ የተከለከለ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ በሚታይ ቦታ ይለጥፉ። በአማርኛ፣ በሐረሪና በአፋን ኦሮሞ ቢሆን ሁሉም ያነበዋል። መተርኮሻዎችን ከጠረጴዛ ላይ ያንሱ። መተርኮሻ ያየ ደንበኛ ተፈቅዷል ብሎ ያስባል።

17. ከበርና ከሚከፈት መስኮት 10 ሜትር ባልራቀ ቦታ ማጨስም በአዋጁ የተከለከለ ነው። ደጃፍ ላይ ቆሞ ማጨስ መፍትሔ አይሆንም።

18. የሺሻ ዕቃን በጓዳ ደብቀው አያከራዩ። ጓዳውም የሕዝብ መገልገያው ክፍል ነው። የሚገኘው ገንዘብ ለጥቂት ጊዜ ነው፤ የሚጎዳው ወጣት የጎረቤትዎ ልጅ ነው።

19. ለደንበኛ የሚቀርበው ብርጭቆና ሲኒ ከማጨሻ ዕቃ ጋር በአንድ ሳፋ አይታጠብ። የሚያጥቡትንም ሠራተኞች ይህን ያስተምሩ። የሠራተኛዎ ጤናም የእርስዎ ኃላፊነት ነው፤ አስተናጋጇ ሌላው የሚያጨሰውን ጭስ ቀኑን ሙሉ ልትስብ አይገባም። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ራሱ ሳያጨስ በሌላ ሰው ጭስ ምክንያት ይሞታል።

20. ዕድሜው ያጠራጠረዎትን ወጣት መታወቂያ ይጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ሕግ የጣለብዎ ግዴታ ነው።

ለነጋዴዎችና ለዕደ ጥበብ ሠሪዎች

21. በፈረስ መጋላም ሆነ በሸዋ በር፣ በሱቅም ሆነ በጉልት፣ ኩባያ መስሎ ማጨሻ የሆነ ዕቃ አይሽጡ። ዕስክሪብቶ ወይም የኮምፒውተር ዕቃ የመሰለ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራም እንዲሁ። ልጅ ከደብተርና ከዕስክሪብቶ ጋር ሊገዛው የሚችል ዕቃ ከሆነ ጉዳቱ እጥፍ ነው።

22. ሸክላ የምትሠሩ እናቶችና እህቶች፣ ሲኒና ጀበና፣ ድስትና ማሰሮ ሥሩ። ለአጫሽ የሚሆን ኩባያ እንድትሠሩ ትእዛዝ ቢመጣ አትቀበሉ። እጃችሁ ያፈራው ዕቃ በየቤቱ የሚታመነው ለምግብና ለመጠጥ ስለሆነ ነው።

23. ከአያት የቀረ ጋያ ያላችሁ ቤተሰቦች አትጣሉት፤ ለልጆችም መጫወቻ አትስጡት። የአኗኗራችን ታሪክ አካል ስለሆነ ቦታው ሙዚየም ነው። በራስ ተፈሪ ቤት የሚገኘው የሸሪፍ ሙዚየም ከየቤተሰቡ የተሰበሰቡ ቅርሶች ምን ያህል ትልቅ ታሪክ እንደሚነግሩ አሳይቶናል።

ለአስጎብኚዎች

24. ሺሻን የሐረር ባህል ነው ብለው ለእንግዳ አያስተዋውቁ። ሐረር ጁገል በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ስለ ግንቧ፣ ስለ 82 መስጊዶቿ፣ ስለ 102 የአውሊያ ቦታዎቿና ስለ ቤቶቿ አሠራር ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሸዋልኢድ በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ለእንግዳ የሚታይ ነገር ሞልቶናል።

25. እንግዶች ሕጉን ላያውቁ ይችላሉ። ወደ ሐረሪ ቤት ከመግባታቸው በፊት ማጨስ እንደማይፈቀድ በትሕትና ይንገሯቸው። የቁጢ ወይም የቡና ግብዣ ካለ እንዴት እንደሚዘጋጅ ያሳዩአቸው። የከተማችንን ጣዕም ይዘው የሚሄዱት ከዚያ ነው።

26. በሸዋልኢድና በሌሎች በዓላት ወጣቱ በብዛት ሲሰበሰብ በዓሉ የሺሻ ንግድ ማስፊያ እንዳይሆን አዘጋጆችና አስተባባሪዎች አስቀድመው ይምከሩ።

ለወጣቶች

27. «ሺሻ ሱስ አያስይዝም» የሚልን ሰው አትመኑ። በሺሻ ትምባሆ ውስጥ ኒኮቲን አለ፤ ኒኮቲን ደግሞ ሱስ ያስይዛል። የአፕልና የሚንት ጣዕሙ ምሬቱን ስለሚሸፍን ጀማሪ ሳይታወቀው ብዙ ይስባል። ጣዕም የተጨመረበት ትምባሆ በሕግ የተከለከለበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

28. ዕቃ መለወጥን እንደ ብልሃት አትቁጠሩት። ከጠርሙስና ከቧንቧ አዲስ ነገር መፍጠር የሚችል እጅ የውሃ ማጣሪያ፣ የችግኝ ማጠጫ፣ የፀሐይ ማብሰያ መሥራት ይችላል። ለዚህ ከተማ የሚጠቅማት ይህ ነው።

29. ጓደኛችሁ ማቆም ሲፈልግ ከጎኑ ቁሙ። በእሱ ፊት አታጭሱ፤ ወደ ሺሻ ቤት አትጥሩት። የሚገናኝበት ሌላ ቦታ ፈልጉለት፤ ኳስ ሜዳው አለ፣ ቤተ መጻሕፍቱ አለ፣ ከግንቡ ውጭ የሚደረግ የማታ የእግር ጉዞ አለ።

ማቆም ለሚፈልጉ

30. ቀን ቆርጠው ለቤተሰብ ይንገሩ። የማጨሻ ዕቃውን ከቤት ያስወጡ። ኩባያም ይሁን ጠርሙስ፣ ከዓይን ካልራቀ ከሐሳብም አይርቅም።

31. የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ እንደሚሆኑ አስቀድመው ይወቁ። ብስጭት፣ እንቅልፍ ማጣትና ጉጉት ይኖራል። ለአብዛኛው ሰው ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ሰውነት በበኩሉ ወዲያው መጠገን ይጀምራል፦ በ20 ደቂቃ ውስጥ የልብ ምት ይረጋጋል፤ ከ12 ሰዓት በኋላ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ተፈጥሯዊ መጠኑ ይመለሳል፤ ከአንድ ዓመት በኋላ በልብ ሕመም የመያዝ አደጋ ከአጫሹ በግማሽ ይቀንሳል።

32. ጫት ሲቅሙ ብቻ የሚያጨሱ ከሆነ መጀመሪያ የበርጫውን ቦታና ሰዓት ይለውጡ። ጉጉቱን የሚቀሰቅሰው ቦታውና ስብስቡ ጭምር ነው። ብቻዎን ካልቻሉ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ሄደው የጤና ባለሙያ ያማክሩ። ሱስ ሕመም ነው፤ ለሕመም መታከም አያሳፍርም።

33. ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ ካለ ይመርመሩ። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል።

አደጋ ቢደርስ

34. በከሰል ጭስ የታፈነን ሰው ፈጥነው ወደ ንጹህ አየር ያውጡ። በርና መስኮት ይክፈቱ። ራሱን ከሳተ ወይም ትንፋሹ ካጠረ ሳይዘገዩ ወደ ሕይወት ፋና፣ ወደ ጁገል ወይም በአቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል ያድርሱ። ሎሚ ማሽተት ወይም ወተት መጋት ሕክምና አይሆንም።

35. ሕፃን የሺሻ ውሃ ወይም ትምባሆ ከዋጠ በግድ እንዲያስመልስ አያድርጉ። ጠርሙሱን ወይም የተረፈውን ይዘው ወዲያው ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት፤ ሐኪሙ ምን እንደዋጠ ማወቅ ይኖርበታል።

36. ሺሻ ሲነገድ ወይም ለልጅ ትምባሆ ሲሸጥ ያየ ሰው በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ የስልክ መስመር 8482 ማሳወቅ ይችላል። ጥቆማው ለክፋት ወይም ለቂም መወጫ አይዋል፤ አስቀድሞ ባለቤቱን መምከርም የጎረቤት ወግ ነው።

የመጨረሻ ቃል

ሕግ በየቤቱ ገብቶ መደርደሪያ አይፈትሽም። ይህን ማድረግ የምንችለው እኛው ነን። በሐረር አፎቻው ለሠርግና ለሐዘን ይሰበሰባል፤ እድሩም እንዲሁ። ኢማሙና ካህኑ ይደመጣሉ። እናቶች በሰፈሩ የሚሉት ይከበራል። በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ከአጀንዳዎቹ አንዱ ይህ ይሁን፦ በአፎቻችንና በእድራችን ድግስና ለቅሶ ላይ አይጨስም፤ የመጠጫ ዕቃም ለማጨሻ አይሰጥም። ውሳኔው በቃል ይነገር፣ በጽሑፍም ይያዝ፣ ሁላችንም እንጠብቀው። ዛሬ ማታ ደግሞ እያንዳንዳችን የቤታችንን ኩባያና ጠርሙስ እንይ፤ የተጨሰበት ካለ ነገ ሳይባል ከቤት ይውጣ።